የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ሻንጣው ውስጥ ማን ከተተው?

  ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ ቅሩ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ፤ የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፣ አፉ በሉኝ።

ባለፈው ጁሙዓ ደሴ በሰገድኩበት መስጂድ ከሶላት በኋላ ከሴቶች በኩል አንዲት ቁራጭ ወረቀት መጣች። ኢማሙ በማይክ አነበቧት። «ልጄ ነጅራን እስር ቤት ነው፣ ፍርድ ተፈርዶበታል፣ ጀመዓው ዱዓ ያድርግልኝ» ትላለች። እጃችንን አነሳን። ከኋላዬ አንዱ በሹክሹክታ «ምን ሰርቶ ነው?» አለ። ሌላው «ሀሺሽ ነው አሉ» ብሎ መለሰለት። ወላሂ፣ ከዚያች ቃል በኋላ በአካባቢዬ «አሚን» የሚለው ድምፅ ቀጠነ። የኔም ጭምር። እጄ እንደተነሳ ነው፣ ልቤ ግን «ታዲያ ለምን ነካካው» እያለ ነበር።

ስንወጣ ጫማችንን እየፈለግን ሳለ አንድ የሰፈር ልጅ እንደ ቀላል ነገር አንዲት ቃል ጣል አደረገ። ጭነቱን ማን እንዳሸከመው የሚያውቁ፣ አብረውት የተሻገሩና የተመለሱ ሁለት ልጆች ኮምቦልቻ አሉ። «ታዲያ ለምን አይናገሩም?» አልኩት። «ምን አገባቸው!» አለኝና ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ሳምንቱን ሙሉ ያቺ «ምን አገባቸው» ከጆሮዬ አልወጣችም። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ርዕስ ነበር፣ ትቼዋለሁ።

ያ ጀመዓ፣ የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን አንዲት አንቀፅ አለች ብዙ ጊዜ ሮጠን የምናልፋት። ሴትየዋ ከሰሰቻቸው። ከራሷ ቤተሰብ የሆነ ሰው መሰከረ፦ ቀሚሱ ከፊት ከተቀደደ እርሷ እውነተኛ ናት፣ ከኋላ ከተቀደደ ግን እርሷ ዋሽታለች አለ። ቀሚሱ ታየ፣ ከኋላ ነው የተቀደደው። ባልየውም ገባው፣ ይህ የሴቶች ተንኮል ነው ብሎ ተናገረ። ማስረጃው ተገኘ፣ ተመረመረ፣ ውጤቱም ታወቀ። ከዚያስ? ሱረቱ ዩሱፍ 12፡35ን ክፈቱና አንብቡ። ምልክቶቹን ሁሉ ካዩ በኋላ ለጊዜው ሊያስሩት ወሰኑ ይላል አላህ። ካዩ በኋላ ነው! ሳያውቁ ተሳስተው አይደለም። ቀሚሱ ቤት ውስጥ ተቀመጠ፣ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) እስር ቤት ገቡ። የትልቅ ሰው ቤት ስም ከአንድ ባዕድ አገልጋይ ዕድሜ በለጠ።

በባዕድ አገር ነው የታሰሩት፣ ይህን አትርሱ። አባት የለ፣ ወንድም የለ፣ የሚጮህ ዘመድ የለ። ተፈቶ የወጣው የእስር ቤት ጓደኛቸው እንኳ ለንጉሡ መንገሩን ረስቶ ለዓመታት ቆዩ።

በዚያው ሱራ ውስጥ ሌላም ሻንጣ አለ። በአላህ ጥበብ ወንድማቸውን ቢንያሚንን ከጎናቸው ለማስቀረት ሲሉ የንጉሡ መስፈሪያ በጓዙ ውስጥ እንዲገኝ ተደረገ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ የወንድሞቹ መልስ ነው (12፡77)። «ማን ከተተው?» ብሎ የጠየቀ አንድም የለም። ወዲያው እርሱ ከሰረቀ ወንድሙም በፊት ሰርቆ ነበር አሉ። አባታቸው አንድ፣ አብረው ያደጉ፣ አብረው የተጓዙ ሰዎች ናቸው። ዕቃው ጓዙ ውስጥ መታየቱ ብቻ በቃቸው፤ ጭራሽ በሌለው ወንድም ላይም ጨመሩበት። እኛም ሰፈር የሚባለው ይኸው አይደል? «እሱ ድሮም…» እንላለን።

በ2011 ዓ.ም አገር ሁሉ ያወራላትን ናዝራዊት አበራን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ወደ ቻይና ስትጓዝ በያዘቻቸው የሻምፖ ጠርሙሶች ውስጥ ኮኬይን ተገኘ ተብላ ተያዘች። ጠርሙሶቹን አድርሺልኝ ብላ የሰጠቻት ጓደኛዋ ናት ብለው ቤተሰቦቿ ተናገሩ። አዲስ አበባ ላይም ፖሊስ አንዲት ጓደኛዋን በቁጥጥር ስር አዋለ። ያኔ ብዙ ወጣት በየገፁ ፎቶዋን ለጥፎ «ፍትሕ» ብሎ ጮኋል።

ነገሩን በሕግ ዓይን ስታዩት የሚያስጨንቀው ይሄ ነው። በቻይና 50 ግራምና ከዚያ በላይ ሄሮይን ያዘዋወረ ሰው እስከ ሞት ሊቀጣ ይችላል፤ በኮኬይንም መጠኑ ብዙ ከሆነ እንዲሁ ነው። ሻንጣው ውስጥ ዕፅ የተገኘበት መንገደኛ «አላወቅኩም» ማለቱ ብቻ አያድነውም፤ ሁኔታው ካስጠረጠረ እንደሚያውቅ ይገመታል። መታለሉን የሚያሳይ ማስረጃ ከቀረበ ግን ግምቱ ይወድቃል። እና ያ ማስረጃ የት ነው የሚገኘው? ቻይና ውስጥ አይደለም። ላኪው ቤት ነው፣ በላኪው ስልክ ውስጥ ነው፣ ጠርሙሱ ሲሰጥ ሳሎን ተቀምጦ ቡና ይጠጣ በነበረው ሰው አንደበት ላይ ነው። የአንዲት ነፍስ ዕድሜ እዚህ አገር ባለ ሰው ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው።

ስሟን ሰምቶ «የኛ አይደለችም» ብሎ ያለፈ ካለ ትንሽ ይታገሰኝ፣ ወደ መዲና እወስደዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወደ ነጅራን።

ለወሎ ልጅ ነጅራን የካርታ ስም አይደለም። ከኮምቦልቻ ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ እናውቀዋለን። ከዚያ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን፣ ከዚያም የሳዑዲ ድንበር። በየቀበሌው አንድ ሰው በዚህ መንገድ ያልሄደበት ቤት መቁጠር ይቀላል። ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በዚያው በነጅራን ክልል ሦስት ኢትዮጵያውያንና አራት ሶማሊያውያን ሀሺሽ አስገብታችኋል ተብለው በሞት መቀጣታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ራሱ አስታወቀ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደዘገበው እ.ኤ.አ. በ2024 ሳዑዲ ውስጥ ቢያንስ 345 ሰው በሞት ተቀጥቷል፤ ከነዚህ 122ቱ በዕፅ ጉዳይ ነው። በዕፅ ጉዳይ የሚፈፀመው የሞት ቅጣት ለሦስት ዓመት ገደማ ቆሞ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ተመለሰ። ከተቀጡት ውስጥ የውጭ አገር ሰው ይበዛል። ጠበቃ ሳያገኙ፣ በማያውቁት ቋንቋ በተፃፈ ወረቀት ላይ ፈርመው የተፈረደባቸው እንዳሉ የመብት ድርጅቶች ደጋግመው ፅፈዋል።

ሁሉም ንፁህ ነው አልልም። አውቆ፣ ገንዘቡን ተስማምቶ የተሸከመ አለ። ዕፅ ደግሞ ሐራም ነው፣ የስንቱን ቤት አፍርሷል፣ ይህን ማለባበስ አልፈልግም። ግን ለተሻጋሪነቱ የሚከፍለው አልቆበት «ይህችን ጥቅል ይዘህ ተሻገር፣ ዕዳህ ይሰረዛል» የተባለም አለ። መሣሪያ ተደቅኖበት የተሸከመም አለ። ጭራሽ ውስጡ ምን እንዳለ ያላወቀም አለ። (ጫት ራሱን አስቡት፤ ባቲ ገበያ ላይ በአደባባይ ይሸጣል፣ ድንበሩን ሲሻገር ግን ወንጀል ነው። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ የገጠር ልጅ የለም እንዴ?) እነዚህ አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥቅል ይዘው ይያዛሉ፣ አንድ ዓይነት ፍርድ ይፈረድባቸዋል። የሚለያያቸው ማስረጃ ብቻ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «የሸሪዓ ፍርድ ነው፣ ምን ይባላል» ይላሉ። ሸሪዓን ለማክበር እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን በሳዑዲ የዕፅ አስገቢ የሞት ቅጣት በቁርኣን የተደነገገ ሐድ አይደለም። የአገሪቱ ታላላቅ ዑለማእ ምክር ቤት በ1407 ሂጅሪ በቁጥር 138 ባወጣው ውሳኔ ላይ የቆመ ነው፤ ቅጣቱ ሲፈፀምም መግለጫው «ተዕዚር» ብሎ ነው የሚጠራው። ተዕዚር ማለት ልክና መጠኑ ለባለሥልጣንና ለዳኛ ሚዛን የተተወ ቅጣት ነው። ፉቀሃዎች በሐድ እንኳ ጥርጣሬ ካለ ቅጣቱ ይነሳል ብለው መርህ አድርገው ከያዙ፣ በዳኛ ሚዛን ላይ ባለው ቅጣት ጥርጣሬው የበለጠ ሊከብድ አይገባም ወይ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊን (ረ.ዐ) ለፍርድ ወደ የመን ሲልኩ ያዘዟቸው ምን ነበር? ሁለት ተከራካሪዎች ፊትህ ሲቀመጡ የመጀመሪያውን እንደሰማህ ሁለተኛውንም ሳትሰማ አትፍረድ ነው ያሏቸው፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ዐረብኛ የማይችል ልጅ ያለ አስተርጓሚ ዳኛ ፊት ቢቆም ተሰማ ይባላል? ቆመ እንጂ አልተሰማም።

እሺ፣ አሁን መዲና። ሱረቱ ኒሳእ ከ105 ጀምሮ ያሉት አንቀፆች የወረዱበትን ምክንያት የተፍሲር ሊቃውንት በተለያየ መንገድ ዘግበውታል። ከዘገባዎቹ አንዱ እንዲህ ነው። ጡዕማ ኢብን ኡበይሪቅ የሚባል ሰው የጎረቤቱን ጥሩር ሰረቀ። ጥሩሩ ዱቄት ያለበት ከረጢት ውስጥ ነበርና ከረጢቱ ተቀዶ ዱቄቱ በመንገዱ ሁሉ ተንጠባጠበ። ጡዕማ እንዳይያዝ ዕቃውን ዘይድ ለሚባል አይሁዳዊ በአደራ ሰጠው። ፍለጋ ሲመጣ ዕቃው አይሁዳዊው ቤት ተገኘ። ሰውየው ጡዕማ ነው የሰጠኝ አለ። የጡዕማ ዘመዶች ሌሊቱን ተሰብስበው መከሩ፤ ሰውየው ሙስሊም ነው፣ የኛ ነው፣ ክሱ አይሁዳዊው ላይ ይሁን ብለው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ። ዕቃው የተገኘው እሱ ቤት ነዋ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ያኔ ከሰባት ሰማያት በላይ ወሕይ ወረደ። ለማን? ለሙስሊሙ መከላከያ ሆኖ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የሰው ዕቃ ለተገኘበት፣ እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው ላጣ አይሁዳዊ ነው። አላህ ለከዳተኞች ተከራካሪ አትሁን አለ። ዘመዶቹንም በዱንያ ላይ እናንተ ተከራከራችሁላቸው፣ በቂያማ ቀን ማን ይከራከርላቸዋል ሲል ጠየቃቸው። ራሱ የሠራውን ጥፋት በንፁህ ሰው ላይ የወረወረ ግልፅ ኃጢአትና ቅጥፈት ተሸከመ አለ (4፡112)። እስከ ዓለም ፍፃሜ በየመስጂዱ የሚቀራ ቁርኣን አንድ ሰው ዕቃ ተገኝቶበት በሐሰት እንዳይቀጣ ወረደ። ናዝራዊትን «የኛ አይደለችም» ላለው ወንድሜ መልሱ ይኸው ነው።

ማስረጃ ደብቆ ማስፈረድ የድሃ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ አምኸርስት በሚባል ከተማ በነበረ የመንግሥት ላብራቶሪ ሶንያ ፋራክ የምትባል ኬሚስት ነበረች። ከተከሳሾች የተያዘውን ዕፅ እየመረመረች «አዎ ዕፅ ነው» ብላ የምትፈርመው እርሷ ናት። ለካ ራሷ ሱሰኛ ሆና ከላብራቶሪው ዕፅ ትወስድ ነበር። በ2013 ተያዘች። ሱሷ የቆየ መሆኑን የሚያሳዩ፣ በገዛ እጇ የፃፈቻቸው ወረቀቶች መንግሥት እጅ ገቡ፤ ለተከሳሾች ጠበቆች ግን በወቅቱ አልተሰጡም። ኋላ አንድ ዳኛ ሁለት የመንግሥት ዐቃቤ ሕጎች ፍርድ ቤቱን አታለዋል ብሎ ወሰነ፣ በ2018 ደግሞ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሺዎች የሚቆጠሩ የዕፅ ፍርዶችን ሰረዘ። ወረቀቶቹ አንድ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ልክ እንደ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ቀሚስ።

እዚያ ጠበቆች ነበሩ፣ ዓመታት ታግለው አወጡት። ነጅራን ላለው የወሎ ልጅ ማን አለው? እኛ ነን ያለነው፤ ያወቅን፣ ያየን፣ ስልካችን ውስጥ ድምፁ ያለ።

ስለዚህ ነው ዛሬ «ምን አገባን»ን መናገር የፈለግሁት። ሱረቱል በቀራ 2፡283 ላይ አላህ ምስክርነትን አትደብቁ ይላል፤ የደበቀ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ እንደሆነም ይናገራል። አስተውሉ፣ ምላሱ አላለም፣ ልቡ ነው ያለው። ዝም ያለ ሰው ምላሱ ምንም አልሠራችም፤ በሽታው ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሱረቱ ኒሳእ 135 ላይ ደግሞ በራሳችሁ፣ በወላጆቻችሁና በዘመዶቻችሁም ላይ ቢሆን ለአላህ ብላችሁ በእውነት መስክሩ ይላል። ደላላው የአጎት ልጅ ቢሆንስ? አዎ፣ ቢሆንም።

ፍርሃቱን አላቃልለውም። ደላላው ሰፈር ውስጥ ነው፣ እናትህን ያውቃታል፣ ገንዘብ አለው። ምናልባት ልጁ ራሱ በሕገ ወጥ መንገድ ስለተሻገረ ቢናገር የሚታሰር ይመስለዋል። ለዚህም አላህ ቃል አስቀምጧል፦ ፀሐፊም ምስክርም አይጎዳ ብሏል (2፡282)። ይህ ትእዛዝ ለምስክሩ ብቻ አይደለም፣ በዙሪያው ላለነው ነው። የሚናገር ልጅ ብቻውን እንዳይቆም ሽማግሌው፣ ኢማሙ፣ ጎረቤቱ አብሮት መሄድ አለበት። ብቻህን ሄደህ ተናገር ብለን ልጁን ገፍተን እኛ ቤታችን ብንቀመጥ ግማሹን ኃጢአት ተሸክመናል።

ደግሞ ማስረጃ ማለት ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። የዋትሳፕና የኢሞ ድምፅ መልእክት ነው። «ዕቃውን እገሌ ይቀበልሃል» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። የሐዋላ ደረሰኝ ነው። የያዘበት ቀንና የደላላው ስልክ ቁጥር ነው። ልጁ ታሰረ ሲባል ደንግጠን መጀመሪያ የምናደርገው መደምሰስ ነው፤ አትደምስሱ! ቤተሰብም «ስማችን እንዳይነሳ» ብሎ ስልኩን እንዳይሰውር። ያወቀ ሰው ቃሉን ለፖሊስ በጽሑፍ ይስጥ፣ በዐረብኛ ይተርጎም፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ሪያድ ላለው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ላለው ቆንስላ እንዲደርስ ቤተሰቡ ይወትውት። በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀፅ 36 የታሰረ የውጭ አገር ሰው ቆንስላው እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ ሳዑዲም ተቀብላዋለች። ብዙ የታሰረ ልጅ ይህን የሚነግረው የለም። ስልክ ሲደውልላችሁ ንገሩት፣ «ቆንስላ እፈልጋለሁ በል» በሉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ። ፍርድ ከፀና በኋላ የሚመጣ ምስክር ለቀብር እንደደረሰ እንግዳ ነው።

ለመንገደኛውም አንዲት ቃል አለችኝ። በአውሮፕላን ሂዱ በእግር፣ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ዕቃ አትያዙ። «ለእህቴ አድርስልኝ፣ በርበሬ ነው፣ ሽሮ ነው» ሲባል በሐያእ ዝም ማለት አለ፣ ወሎ ደግሞ ሐያእና ይሉኝታ የተሰፋበት አገር ነው። ክፈተው በሉት። ቅር ቢለው ይበለው። አደራ አማና ነው፤ አማናን የሚቀበል ሰው ግን ምን እንደተቀበለ ማወቅ አለበት።

ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) መጨረሻ ላይ ንጉሡ ሲያስጠራቸው ሮጠው አልወጡም። ወደ ጌታህ ተመለስና እጃቸውን የቆረጡትን ሴቶች ጉዳይ ጠይቀው አሉት (12፡50)። ያ ሁሉ ዓመት ታስረው! ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) እኔ ዩሱፍ የቆዩትን ያህል ብታሰር ኖሮ ጠሪውን ወዲያው እሺ እለው ነበር ብለዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የፈለጉት ምሕረት አልነበረም፣ ፋይሉ እንዲከፈት ነው። ፋይሉ ሲከፈትም ዝም ብለው የኖሩት ሴቶች በእርሱ ላይ ክፉ አላወቅንም አሉ። ሴትየዋም አሁን እውነቱ ወጣ፣ ያባበልኩት እኔ ነበርኩ አለች። ይህን ቃል ከዓመታት በፊትም መናገር ይችሉ ነበር። ያው አንደበት ነው፣ ያው ሴቶች ናቸው።

ረቡዕ ዕለት ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ሁለቱን ልጆች ፈልጌ አንዱን አገኘሁት። ቦርከና ዳር ቁጭ ብለን ብዙ አወራን፣ ያወራኝን እዚህ አልፅፈውም፣ አማና ነው። ስልኩ ውስጥ ያለውን እንዳይደመስስ ለመንኩት፣ አሁንም እንዳለው አሳየኝ። «ከናትየው ጋር ብንሄድ ትመጣለህ?» ስለው መልስ አልሰጠኝም። ስንለያይ ግን የእናትየውን ቤት የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ዛሬ ከዓስር በኋላ እዚያው ልንገናኝ ተቀጣጥረናል፤ የሰፈሩ ሁለት አባቶችም አብረውን ይሆናሉ። ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ይህን የምታነቡ ሁሉ በዚያች ሰዓት በዱዓ አትርሱን፤ የጁሙዓ ከዓስር በኋላ ያለችው ሰዓት ናትና። በዚህ ጊዜ «አሚን» ስትሉ ድምፃችሁ እንዳይቀጥን።

አላሁመ፣ ያ ሐቅ! በነጅራንም፣ በጂዛንም፣ በሌላም አገር ያለ ጥፋቱ የታሰረውን ሁሉ ፈርጅለት። አጥፍቶ የታሰረውን ተውበቱን ተቀበለው፣ ሰበብ ፈልግለት። የእናቶችን ዕንባ አብስ። እውነቱን የያዘውን ልጅ ልቡን አፅናው፣ ከሚጎዳውም ጠብቀው። እጃችን ላይ ያለውን ምስክርነት ደብቀን አንተን ከመገናኘት ጠብቀን። አሚን፣ አሚን፣ ያ ረበል ዓለሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።